የተወደደ መሪ ሒሳብ አይጠየቅምን?

የእግር ኳስ ክለብ ነገር በተነሣ ቁጥር በመኝታ ክፍልም ሆነ በምግብ አዳራሽ በሁለት ወገን ተከፍለን ስንከራከር እናመሻለን። አንደኛው ወገን፣ «ክለብን መምራት የሚገባው ኳስ የተጫወተ ሰው ነው፤ ላቡን ያላፈሰሰበትን ነገር ማንም በትክክል ሊያስተዳድር አይችልም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ኳስ ተጫዋች ሜዳውን እንጂ መዝገቡን አያውቅም፤ አስተዳደር ለተማረ ሰው ይተው» ሲል ይመልሳል። በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች ነገሩን ከሥሩ አልያዙትም እላለሁ። መጠየቅ የሚገባው መሪው ከየት መጣ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ከተሾመና ከተወደደ በኋላ ሒሳብ የሚጠይቀው ማን ነው የሚለው ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነኝ የጀርመኑ የባየርን ሙኒክ ክለብ ሰው ኡሊ ሆኔስ ነው። ከተጫዋችነት ወደ ክለብ አስተዳደር ከተሻገሩት ሰዎች መካከል እንደ እርሱ ለረጅም ጊዜ የቆየ፣ እንደ እርሱ የተሳካለት፣ እንደ እርሱም ከከፍታ የወደቀ ሌላ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሆኔስ በ1952 ዓ.ም. ኡልም በምትባል ከተማ ከአንድ ባለ ልኳንዳ ቤት ተወለደ። በ1970 ዓ.ም. ገና በ18 ዓመቱ ወደ ባየርን ሙኒክ ገባ። ፈጣን አጥቂ ነበረ። ከክለቡ ጋር ከ1972 እስከ 1974 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ በተከታታይ የጀርመን ሻምፒዮና፣ ከ1974 እስከ 1976 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫን አገኘ። በ1974ቱ የክለቦች ዋንጫ አትሌቲኮ ማድሪድ 4 ለ 0 ሲሸነፍ ሁለቱን ጎሎች ያገባው እርሱ ነው። ከምዕራብ ጀርመን ብሔራዊ ቡድን ጋርም በ1972 የአውሮፓን፣ በ1974 የዓለምን ዋንጫ ወሰደ።

ይሁን እንጂ ሜዳው ሁልጊዜ አልሳቀለትም። በ1974ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጨዋታው ገና ሲጀመር ዮሐን ክራይፍን ጠልፎ ለሆላንድ ፍጹም ቅጣት ምት ያሰጠው እርሱ ነበረ። በ1976 ዓ.ም. ደግሞ ቤልግሬድ ላይ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ከቼኮዝሎቫኪያ ጋር በቅጣት ምት ሲለያዩ ኳሱን ከአግዳሚው በላይ ሰደደው፤ ቀጥሎ ፓኔንካ አግብቶ ዋንጫው ወደ ፕራግ ሄደ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን የጉልበቱ ነገር ነው። በ1975 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ከሊድስ ጋር በተደረገው ፍጻሜ የደረሰበት ጉዳት በደንብ ሳይድን ቀረ። በ1978 ዓ.ም. በውሰት ወደ ኑረምበርግ ተላከ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይጫወት በ27 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። ሌላው ተጫዋች የጉልምስናውን ጨዋታ በሚያሳይበት ዕድሜ የእርሱ ነገር አበቃ ተባለ።

በዚያን ጊዜ ክለቡም ራሱ እንደ ሆኔስ ጉልበት ሆኖ ነበር። በመጋቢት 1979 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱ ቪልሄልም ኖይዴከር ማክስ ሜርክል የተባለ ኃይለኛ አሠልጣኝ ሊያመጣ ቢያስብ ተጫዋቾቹ አንቀበልም ብለው አደሙ፤ ፕሬዚዳንቱም ሥልጣኑን ለቅቆ ሄደ። በግንቦት 1 ቀን 1979 ዓ.ም. ሆኔስ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተሾመ። በዚያን ጊዜ የክለቡ የዓመት ገቢ 12 ሚሊዮን ማርክ፣ ዕዳው ደግሞ 7 ሚሊዮን ማርክ ያህል እንደ ነበረ፣ ሠራተኞቹም 20 ብቻ እንደ ነበሩ በብዙ ተጽፏል። ከገቢው አብዛኛው የሚገኘው ከስታዲዮሙ በር ነበር። ይህም ማለት ቡድኑ ሲሸነፍ፣ ወይም ቅዳሜ ዝናብ ሲጥል፣ ካዝናው ባዶ ይሆናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንደኛው ወገን፣ «አየህ፣ ኳስ ያወቀ ሰው ክለቡን አዳነው» ሊለኝ ይቸኩላል። ቆይ! ሆኔስ ክለቡን ያዳነው ጎል ማግባት ያውቅ ስለ ነበረ አይደለም። ያዳነው ገንዘብ እንዴት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚጠፋ ለማወቅ የቆረጠ ሰው ስለ ነበረ ነው። ገና ተጫዋች ሳለ ማጊሩስ ዶይዝ የተባለውን የጭነት መኪና ፋብሪካ ከክለቡ ጋር አገናኝቶ፣ ፋብሪካው ስሙን በማልያው ላይ እንዲያስጽፍና በዚያ ገንዘብ ፓውል ብራይትነር ወደ ሙኒክ እንዲመለስ አድርጓል። ሥራ አስኪያጅ ከሆነ በኋላም የአሜሪካ የስፖርት ክለቦች ማልያ፣ ኮፍያና ሻርብ እየሸጡ እንዴት እንደሚከብሩ ተመልክቶ ይህንኑ ንግድ ወደ ጀርመን አስገባ። ከበር ገቢ በቀር ሌላ የማያውቀው ክለብ ቀስ በቀስ ከማስታወቂያ፣ ከሸቀጥና ከቴሌቪዥን የሚያገኘው ገንዘብ እየበለጠ ሄደ።

በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ሌላው ሥራ አስኪያጅ የማይደፍረውን አደረገ። የቡድኑን ምሰሶ ካርል ሃይንዝ ሩመኒጌን ከ10 ሚሊዮን ማርክ በማያንስ ዋጋ ለኢንተር ሚላን ሸጠው። ደጋፊው አለቀሰ፤ የክለቡ ዕዳ ግን ተቃለለ። ቡድኑም አልሞተም፤ በተከታታይ በ1985፣ በ1986ና በ1987 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ። ሆኔስ በሥራ አስኪያጅነት በቆየባቸው 30 ዓመታት ባየርን 16 ጊዜ የጀርመንን ሻምፒዮና፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮፓን ሻምፒዮንስ ሊግ ወሰደ። በ2005 ዓ.ም. የተከፈተው አዲሱ ስታዲዮም የተሠራበት 346 ሚሊዮን ዩሮ ብድርም ገና ብዙ ዓመታት ሲቀሩት በ2014 ዓ.ም. ተከፍሎ አለቀ። እነሆ፣ የባለ ልኳንዳው ልጅ ደንብ ይህ ነበረ፤ ኪስ ውስጥ የሌለ ገንዘብ አይወጣም።

ዝና ብቻውን ክለብ እንደማይመራ ከዚሁ ክለብ ሌላ ማስረጃ አለ። ኦሊቨር ካን በግብ ጠባቂነቱ ከሆኔስ የማያንስ ስም የነበረው ሰው ነው። በ2021 ዓ.ም. የክለቡ የሥራ አመራር ሊቀ መንበር ተደረገ። በግንቦት 2023 ዓ.ም. ግን፣ ያውም ቡድኑ ሻምፒዮን በሆነበት በዚያው ቀን፣ ከሥራው መሰናበቱ ተነገረ። አንድ ሜዳ፣ አንድ ማልያ፣ አንድ ዓይነት ዝና፤ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል የተለያየ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወገን ክርክር እዚህ ላይ ይሰበራል። የሁለተኛውም ወገን እንዲሁ ይሰበራል፤ ሆኔስ መዝገብ ማንበብን የተማረው በሥራው ላይ ሆኖ ነውና።

ሰውየው ገንዘብ ቆጣሪ ብቻ እንዳልነበረም መናገር ይገባል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የብሔራዊ ቡድኑን ጨዋታ ለማየት ወደ ሐኖቨር ሲጓዝ የተሳፈረባት ትንሽ አይሮፕላን ወደቀች፤ አብረውት የነበሩት ሦስቱም ሰዎች ሲሞቱ እርሱ ብቻ ተረፈ። የቀድሞ ጓደኛው ገርድ ሙለር በመጠጥ ሱስ ተጎድቶ በወደቀ ጊዜ ሆኔስና ሌሎች የክለቡ ሰዎች አሳክመው በአሠልጣኝነት ሥራ ሰጡት። በ2003 ዓ.ም. ለመዘጋት የተቃረበውን ሳንክት ፓውሊን ለመርዳት ባየርን ያለ ክፍያ ወዳጅነት ጨዋታ ተጫወተለት። ዋና ተቀናቃኙ ቦሩስያ ዶርትሙንድ በዕዳ ሲጨነቅ ባየርን 2 ሚሊዮን ዩሮ አበደረው። እንዲህ ያለ ሰው ቢወደድ ምን ይደንቃል? በኅዳር 2009 ዓ.ም. ፍራንዝ ቤከንባወርን ተክቶ የክለቡ ፕሬዚዳንት ሲሆን ብዙ ሰው፣ «ዱሮስ ክለቡ የማን ነው?» ያለ ይመስላል።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ክለቡ የማን ነው? በሕግ የአባላቱ ነው። በጀርመን ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ክለቦች የእግር ኳስ ክፍላቸውን በኩባንያ መልክ እንዲያቋቁሙ ቢፈቀድም፣ ከድምፁ ከግማሽ በላይ በአባላቱ ማኅበር እጅ እንዲቆይ ደንቡ ያዝዛል። ባየርንም በ2002 ዓ.ም. ኩባንያ ሲያቋቁም ይህንኑ ጠብቋል፤ አዲዳስ፣ አውዲና አልያንዝ በየጊዜው አክሲዮን ገዝተው ሦስቱም በአንድነት ሩብ ያህሉን ሲይዙ፣ ሦስት አራተኛው የአባላቱ ማኅበር ሆኖ ቀርቷል። የአባላቱም ቁጥር ከ300 ሺህ በላይ ነው። ባለ ገንዘብ መጥቶ ክለቡን እንደ በግ ገዝቶ አይነዳውም። ይህ የሚያስመሰግን ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሥርዓት በወረቀት መኖሩ አንድ ነገር፣ አባላቱ በሥርዓቱ መጠቀማቸው ሌላ ነገር ነው።

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ሆኔስ በአንድ የስዊስ ባንክ በነበረው የግል ሒሳቡ ሲነግድ ባገኘው ትርፍ ላይ ግብር አለመክፈሉ በጋዜጦች ወጣ። ከጥቂት ወራት በፊት ራሱ ለግብር መሥሪያ ቤት አመልክቶ ነበር፤ ማመልከቻው ግን የተሟላ ሆኖ ስላልተገኘ ከክስ አላዳነውም። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ ችሎት ቀረበ። ዐቃቤ ሕግ በክሱ የጻፈው 3 ሚሊዮን ተኩል ዩሮ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን የተከሳሹ ወገን ራሱ 18 ሚሊዮን ተኩል መሆኑን አመነ፤ ፍርዱ ሲሰጥ ገንዘቡ 28 ሚሊዮን ተኩል ዩሮ ደርሶ ነበር። ሦስት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ተፈረደበት። በማግስቱ ይግባኝ አልልም ብሎ ከፕሬዚዳንትነቱ ለቀቀ፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ላንድስበርግ ወህኒ ቤት ገባ።

ለንግዱ መነሻ የሆነውን ገንዘብ የሰጠው በዚያን ጊዜ የአዲዳስ የበላይ የነበረው ሮበርት ሉዊ ድሬፉስ መሆኑን ሆኔስ ራሱ ተናግሯል። አዲዳስ ደግሞ የክለቡ የማልያ ውል ባለቤት ነው፤ ጥቂት ቆይቶም ባለ አክሲዮን ሆኗል። ሆኔስ ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም ብሏል፤ ችሎቱም የፈረደው በግብሩ ነገር ብቻ ነው። እኔም ከዚያ አልፌ አልፈርድም። ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ ክለቡን ወክሎ ከሚዋዋለው ድርጅት የበላይ ሰው በግሉ ገንዘብ ሲቀበል፣ ይህን የማወቅ መብት የነበራቸው አባላት ከጋዜጣ መስማታቸው ትክክል ነውን?

ከወንጀሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የማኅበሩ ነገር ነው። ወሬው ከወጣ በኋላ በግንቦት 2013 ዓ.ም. የክለቡ ተቆጣጣሪ ቦርድ ተሰብስቦ ሆኔስ በሰብሳቢነቱ እንዲቆይ ወሰነ። በዚያ ቦርድ ውስጥ የአዲዳስ፣ የአውዲ፣ የፎልክስዋገንና የቴሌኮም ኩባንያ ኃላፊዎች ነበሩበት። በገዛ ኩባንያቸው አንድ ገንዘብ ያዥ እንዲህ ቢያደርግ አንድ ቀን አያሳድሩትም ነበር! በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ አባላቱ ተነሥተው አጨበጨቡለት፤ እርሱም አለቀሰ። የእስራቱን ጊዜ ግማሽ ያህል ጨርሶ፣ የቀረው በገደብ ተይዞለት በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከተፈታ በኋላም በዚያው ዓመት በኅዳር ከመቶ 97 በሚበልጥ ድምፅ እንደ ገና ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ።

ለሆኔስ የሚከራከሩ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም፤ በሚገባ ልናየው ይገባል። አንደኛ፣ ከክለቡ ካዝና አንዲት ሳንቲም አልነካም። ሁለተኛ፣ ጥፋቱን አምኖ፣ ገንዘቡን ከነወለዱ ከፍሎ፣ ቅጣቱን ፈጽሟል፤ የተቀጣ ሰው ደግሞ ለዘላለም ሊቀጣ አይገባውም። ሦስተኛ፣ ለክለቡ የዋለው ውለታ በሚዛን ቢቀመጥ ጥፋቱን ይደፋል።

ለመጀመሪያው የምመልሰው፣ የሕዝብ ግብር የማንም ካዝና አይደለም ያለው ማን ነው? ኳስ የሚጫወቱት ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤትና የሚሄዱበት መንገድ የሚሠራው በግብር ነው። ሁለተኛውን ግን እቀበላለሁ። የታሰረ ሰው ከተፈታ በኋላ ሥራ ማግኘት ይገባዋል፤ ሆኔስም ገና እስራቱን ሳይጨርስ፣ ማታ ማታ ወህኒ ቤት እያደረ ቀን ቀን በክለቡ የወጣቶች ክፍል እንዲሠራ መደረጉ መልካም ነበረ። ሥራ መስጠትና የበላይ ሹመት መስጠት ግን ለየብቻ ናቸው። ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይልቅ አደገኛ ነው። ውለታ ከጥፋት የሚቀነስበት ሒሳብ ከተፈቀደ፣ ብዙ የሠራ ሰው ብዙ የማጥፋት ፈቃድ አለው ማለት ይሆናል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል እያወገዝን ያደግን ልጆች ይህን በሌላ ቋንቋ ስንሰማ ልንቀበለው አይገባንም።

የሆነ ሆኖ ታሪኩ በጭብጨባ አላበቃም። በ2018 ዓ.ም. በኅዳር መጨረሻ በተደረገው ጉባኤ አንድ ተራ አባል ወደ መድረኩ ወጥቶ፣ ፕሬዚዳንቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያደምጥ፣ የክለቡን አመራር አንድ በአንድ ነቀፈ። ከአዳራሹም ብዙ ሰው አጨበጨበለት፤ በሆኔስ ላይ ደግሞ ጩኸት ተነሣበት። ሰውየው በዚያ ምሽት እጅግ እንደ ተሰማው ታይቷል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በኅዳር 2019 ዓ.ም. የፕሬዚዳንትነቱን ቦታ ለኸርበርት ሃይነር አስረክቦ ወረደ። ያ አባል ሚሊዮኖች አልነበሩትም፤ ዋንጫም አላነሣም። የነበረው የአባልነት መታወቂያና የመናገር ድፍረት ነው። እንደ እኔ አስተያየት በዚያ ማኅበር ውስጥ የአባልነቱን ግዴታ ከፈጸሙት አንዱ እርሱ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው በእርሱ ላይ አይሠራም፤ ጅቡ ሳይሄድ፣ ፊት ለፊት ነው የተናገረው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከሜዳ ወጥቶ ማስተዳደር እንደሚቻል አስቀድመው ያሳዩን አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተው፣ በኋላም ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በ1987 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ስለዚህ «ተጫዋች አይችልም» ማለት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አያምርብንም። ጭንቃችን ሌላ ነው። በፕሪሚየር ሊጋችን ከሚጫወቱት ክለቦች ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በመንግሥት ድርጅቶችና በከተማ አስተዳደሮች በጀት ነው። ደጋፊው ቲኬት ይቆርጣል፣ ይዘምራል፣ ይሰደባል፣ ያለቅሳል፤ በብዙዎቹ ዘንድ ግን ተነሥቶ «ገንዘቡ የት ደረሰ?» የሚልበት ጉባኤ የለውም። እንግዲህ ቀድሞ የተጫወተ ሰው በሥራ አስኪያጅነት ይሾምልን ብለን ስንጮኽ፣ የሚጠየቅበትም ጉባኤ ይቋቋምልን ብለን ካልጮኽን፣ የጠየቅነው አስተዳደርን ሳይሆን ጣዖትን ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለተማሪዎችም ሩቅ አይደለም። በየማኅበራችን ለሥራ አስፈጻሚነት የምንመርጠው ብዙ ጊዜ በሜዳ የታወቀውን፣ በመድረክ ያሳቀንን፣ ወይም የአገራችንን ልጅ ነው። በዚህ ብቻ ክፋት የለም፤ የታወቀ ሰው መልካም ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሰውየውን ከመረጥነው በኋላ የሒሳብ ሪፖርት ሲነበብ ስንቶቻችን በአዳራሹ እንቀመጣለን? ምርጫው ላይ መቆሚያ የጠፋበት አዳራሽ በሒሳብ ሪፖርቱ ቀን ወንበሩ ባዶውን ይቀራል። ጥያቄ የሚያነሣም ቢገኝ፣ «ምቀኛ ነው» ተብሎ ይታለፋል። መሪዎቻችን ቢበላሹ ከጥፋቱ ድርሻ አለን፤ ምክንያቱም ጠያቂ የሌለው ሰው ራሱን መጠየቅ ይተዋል።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ክለብን ተጫዋች የነበረ ሰው ይምራው፤ ነጋዴም ይምራው፤ መምህርም ይምራው። ከሜዳ የመጣው የተጫዋቹን ልብ ያውቃል፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን የትኛውም ይምራ፣ ሦስት ነገሮች ይኑሩ፤ በየዓመቱ በይፋ የሚነበብ ሒሳብ፣ ከመሪው ጋር በጥቅም ያልተሳሰረ ተቆጣጣሪ፣ እጁን አንሥቶ የሚጠይቅ አባል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል፣ የቱንም ያህል ታማኝ ሰው ቢሾም የሚጠብቀው የራሱ ኅሊና ብቻ ነው፤ ኅሊና ደግሞ ብቻውን ሲቀር እንደሚደክም የሆኔስ ታሪክ አሳይቶናል።

መሪያችንን እንውደድ፤ ሲሠራም እናጨብጭብለት። ጭብጨባችን ግን ደረሰኝ እንዳልሆነ እርሱም ይወቅ፣ እኛም አንርሳ። የሒሳብ ሪፖርት በሚቀርብበት ቀን አዳራሹን እንሙላው።